ፊት ሳሳንስ የኖርኩበት ቢሮ

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። በእነዚህ አራት ወራት ልጄን ፈቲያን አሰልችቻታለሁ። ቴሌቪዥን ላይ የሰው ፎቶ በታየ ቁጥር «ይሄ ተለጥጧል»፣ «ይሄ ሲቆረጥ ጆሮው ቀርቷል» እያልኩ ፊልም አላሳያት አልኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከጎረቤት የሠርግ ጥሪ ካርድ መጣልን። ያ ቁመናው የሚያምር ሙሽራ ከጎን ወደ ጎን ተለጥጦ ድፎ ዳቦ መስሏል። ካርዱን ይዤ ልወጣ ስል ፈቲያ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አትሄጂም። የሰው ሠርግ ነው።»

«ልነግራቸው እንጂ ልሰድባቸው ነው እንዴ?»

«ይልቅ ቁጭ ብለሽ ጻፊው። ዕድሜ ልክሽን ያወራሽልንን አንዴ ጽፈሽ ተገላገዪው። እኛም እንገላገል።»

ይኸው ተቀምጫለሁ።

የሠራሁት ቤቴል አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ የማወራው ነገር ሁሉ የሚያስመሰግነው አይደለም። ቤቴ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ስለሆነ ጠዋት ከማዞሪያው ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ቤቴል በሦስት ታክሲ ነበር የምገባው። ስለ ደሞዙ ብዙ አልልም። ከታክሲ የተረፈው ደሞዝ ይባል ነበር።

ስቀጠር ታይፒስት ነበርኩ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ የፈተና ወረቀት ስመታ እውል ነበር። ዳይሬክተራችን አቶ በላቸው ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ሰፊ ሰው ናቸው። ስፋታቸው የአካልም የድምፅም ነው። ከቃላት ሁሉ «ቶሎ» የሚለውን ይወዳሉ። አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ካርቶን አስይዘው ቢሮዬ ገቡና የጽሕፈት መኪናዬን ወለል ላይ አስቀመጡት። በቦታው ኮምፒውተር ተተከለ።

«ራህመት፣ ከዛሬ ጀምሮ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነሽ» አሉኝ።

«የስንት ሰው ኃላፊ?»

«የአንድ። የራስሽ። ተማሪውን በሙሉ እዚህ ውስጥ ታስገቢያለሽ። ቶሎ።»

ተማሪው የሚገባበትን ዳታቤዝ የሠራው የሒሳብ መምህሩ ዮናስ ነው። ዮናስ ለቁጥር እንጂ ለሰው ብዙ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ግን ሥራውን ያውቅ ነበር። ፕሮግራሙን ስትከፍተው አንድ ቅጽ ይመጣል። ስም፣ ክፍል፣ የወላጅ ስልክ፣ ሰፈር። ከላይ በቀኝ ጥግ ደግሞ ቁመቷ ከወርዷ የሚበልጥ ባዶ ሳጥን አለች። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ዕድሜዬን የበላችው እሷ ናት። የፎቶ ሳጥን ነበረች።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ገዛና ልጆቹን እኔው አነሳኋቸው። ካሜራውን ሁሉም ሰው እንደሚይዘው አግድም ይዤ፣ አራት መቶ ልጅ ግድግዳ ሥር እያቆምኩ። ከዚያ ፎቶውን ሳጥኗ ውስጥ ሳስገባ ችግሩ መጣ። ፎቶው አግድም ነው፣ ሳጥኗ ቁም ናት። ዮናስ ሦስት ምርጫ አሳየኝ። አንደኛው ፎቶውን እንዳለ ያስቀምጥና ከሳጥኑ የተረፈውን ይሸፍነዋል። ስሞክረው የልጁ ግንባርና ብዙ ግድግዳ ወጣ። ሌላኛው መልኩን ሳይነካ አሳንሶ ያስገባና ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህንን ለአቶ በላቸው አሳየኋቸው።

«ይሄ ነጭ ምንድን ነው?»

«ባዶ ቦታ ነው ጋሼ።»

«ባዶ ቦታ አልወድም። ሙዪው!»

የቀረው ምርጫ ፎቶውን ለጥጦም ጨፍልቆም ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ የሚሞላው ነው። እሱን ተጫንኩ። አራት መቶውም ልጅ ሳጥኑን ግጥም አለ። በኩራት መታወቂያቸውን አትሜ፣ በፕላስቲክ አሽጌ አደልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ወላጆች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ከፊት የቆሙት መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ እናት ነበሩ። የልጃቸውን መታወቂያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«እህቴ፣ እስቲ ይቺን ልጅ እዪልኝ። ማን ናት?»

አየኋት። ጉንጯ ገብቷል፣ አንገቷ ረዝሟል፣ ዓይኖቿ ተጠጋግተዋል።

«የእርስዎ ልጅ ናት» አልኩ።

«የኔ ልጅ በምግብ አትታማም! ይሄንን ዘመድ ቢያይ ምን ይለኛል? እያስራበቻት ነው ነው የሚለኝ! በሁለት ቀን ውስጥ ምን አድርጋችሁ ነው እንዲህ ያከሳችኋት?»

ከኋላ አንድ አባት «የኔስ ሳንባ የታመመ ነው የሚመስለው» አሉ። ሰልፉ ሁሉ መታወቂያውን እያነሳ ልጁን ከልጁ ጋር ያስተያይ ጀመር። ልጆቹ ግን ሳቅ በሳቅ ሆነው ነበር። ክብ ፊት ያላቸው ብቻ «እኔ አምሮብኛል» እያሉ መታወቂያቸውን ደበቁ።

ከደበቁት አንዱ አቶ በላቸው ናቸው። የሠራተኛውንም መታወቂያ በዚያው አሠራር ስለሠራሁት እሳቸውም ቀጥነው ወጥተዋል። የጉንጫቸው አጥንት ታይቷል፣ አገጫቸው አንድ ብቻ ሆኗል። ሁሉንም ሰብስቤ እንደገና ላትም ስጠይቃቸው ኪሳቸውን ጫን አድርገው ያዙ።

«የኔን ተዪው።»

«ጋሼ፣ ትክክለኛ መልክዎ አይደለም እኮ።»

«ራህመት፣ ለትክክለኛው መልኬ ቤት መስተዋት አለኝ።»

ከትምህርት ቤቱ እስኪለቁ ድረስ ያንኑ መታወቂያ ነው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት።

ከዚህ ጉድ በኋላ ነው ጋሽ ገመቹ የመጡት። ጋሽ ገመቹ ጦር ኃይሎች አጠገብ ለብዙ ዘመን የፎቶ ቤት ነበራቸው። የሰፈሩ ሰው ጉርድ ፎቶ ሲያስፈልገው እሳቸው ጋ ነበር የሚሄደው። ሰው ሁሉ በስልኩ መነሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱን ዘጉና ቤት ዋሉ። አቶ በላቸው በየዓመቱ መስከረም መጥተው ተማሪና ሠራተኛ እንዲያነሱ ተዋዋሏቸው። የመጀመሪያ ቀን ቢሮዬ ገብተው ከተሰበሰቡት መታወቂያዎች አንዱን አነሱ።

«ይቺ ልጅ ምን አግኝቷት ነው?»

«ምንም አላገኛትም ጋሼ። ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ማንን አይቶ እንዲህ አደረጋት?» አሉና መነጽራቸውን ወለወሉ። እኔን ለማሳፈር የሚበቃ ጊዜ ሰጥተው፣ ቀጠሉ። «ስሚ ራህመት። የፎቶ ስፋትና ቁመት ባልና ሚስት ናቸው። አንዱን ስትነኪ ሌላውን ማስከተል አለብሽ። አንዱን ለብቻው ከጎተትሽ ትዳሩ ይፈርሳል፣ የሚበላሸው ልጁ ነው።»

ከዚያ ካሜራዬን ተቀበሉኝና በእጃቸው አዙረው አቆሙት። ቁም ያዙት ማለቴ ነው። «ሰው ቁም ነው፤ ካሜራውንም አቁሚው» አሉ። አንድ ወር ሙሉ ያስለቀሰኝ ነገር በአንድ እጅ መጠምዘዝ አለቀ። ዮናስ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ወጥቶ ሄደ።

ጋሽ ገመቹ ከሸሚዛቸው ኪስ የማትለይ ካርቶን ነበረቻቸው። መሃሏ ላይ በምላጭ የተቆረጠ መስኮት አለባት፤ የመስኮቷ ልክ የጉርድ ፎቶ ልክ ነው። ሰው ሲቀመጥላቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ካርቶኗን ያርቃሉ፣ ያቀርባሉ። ጭንቅላቱ የት ይደርሳል፣ ትከሻው የት ጋ ይቆረጣል፣ ሁሉንም በካርቶኗ ይጨርሱና ነው ወደ ካሜራው የሚሄዱት። ከጭንቅላት በላይ ሁለት ጣት አየር ይተዋሉ። «ሰው አናቱ ጣራ ሲነካ ይጨንቀዋል» ይላሉ። ለእኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራበትን ሕግ አወጡልኝ። «አትለጥጪ፣ ቁረጪ። ሳጥኑ ካልበቃ ግድግዳውን ቁረጪ፤ ግድግዳ አይከፋውም።»

ሌላ ልማድም ነበራቸው። «ፈገግ በል» ብለው አያውቁም። «በትእዛዝ የተገኘ ሳቅ የጥርስ ሐኪም ጋ ነው የሚያገለግለው» ይላሉ። በዚያ ፋንታ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ልጅ ከሆነ «እናትህ ስትቆጣ መጀመሪያ ምን ትላለች?» ልጁ መልሱ ትዝ ይለዋል፤ መልሱ አፉ ሳይደርስ ፊቱ ላይ ይመጣል። ጋሽ ገመቹ የሚጫኑት ያኔ ነው። ሁልጊዜም ይደርሱባታል።

በዚህ መንገድ ሁሉን ሰው አነሱ፤ ጋሽ ደምሴን ግን አቃታቸው። ጋሽ ደምሴ የበሩ ጥበቃ ናቸው። ገቢ ወጪውን ሁሉ ጎንበስ ብለው ሰላም የሚሉ፣ ግን ካሜራ ሲያዩ ከበሩ ዘብ ቤት ኋላ የሚሰወሩ ሰው ነበሩ። ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። መታወቂያ ያለ ፎቶ አይሆንም ስንላቸው «እኔን የማያውቅ ማን አለ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ዓመት አቶ በላቸው «ፎቶ ከሌለህ ነገ በሩ ላይ አታድርም» ሲሏቸው መጥተው ተቀመጡ። ፊታቸውን እንደ በር ዘግተውት ነበር።

ጋሽ ገመቹ ካርቶኗን አራቁ፣ አቀረቡ። ከዚያ ከካሜራው ኋላ ሆነው፦

«ደምሴ፣ መጀመሪያ የጠመድከው በሬ ስሙ ማን ነበር?»

ጋሽ ደምሴ ደነገጡ። «በሬ? ምን አስታወሰህ? … ቦራ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው። እርፍ ስይዝ ዞሮ ያየኝ ነበር፤ ይሄ ልጅ ነው እንዴ የሚያርሰኝ እያለ።»

እና ሳቁ። ቦራን እያዩ ሳቁ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ያንን ፎቶ ስክሪኑ ላይ በትልቁ ሳየው የዓይናቸው ጠርዝ ላይ ያለው ሽብሽብ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። አንዱ ቅንድባቸው ላይ አንዲት ነጭ ፀጉር ነበረቻቸው። አጠገባቸው ቆሜ ያላየሁትን ነው ፎቶው ላይ ያየሁት።

አሁን ወደማልወደው ነገር መጣሁ።

ፎቶዎቹ ጥሩ ስለነበሩ ትልልቅ ነበሩ። የተሻለ ካሜራ ተገዝቶ አንዱ ፎቶ ብቻ ሦስት ሜጋ ይደርስ ጀመር። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን እንዳለ ዳታቤዙ ሆድ ውስጥ ነበር የምከተው። በዚያች ጉርድ ፎቶ በምታክል ሳጥን ውስጥ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን ሙሉ ክብደቱን ይዟል። ሳጥኗ መልኩን አሳነሰች እንጂ ሸክሙን አልቀነሰችም። ይህን ልዩነት ያኔ አላውቀውም ነበር። ዳታቤዙ አበጠ። ጠዋት ለመክፈት ከተጫንኩ በኋላ መንገድ ተሻግሬ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተከፈተ ነው። አቶ በላቸው ኮምፒውተሩን ከላይ ዳሰስ አድርገው «ግፊት አለው መሰለኝ» አሉ። በምዝገባ ቀን፣ ወላጅ ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ ጭራሽ አልከፈትም አለ።

«ራህመት!» የሚለው ድምፅ ከሰልፉ በላይ መጣ። «ቶሎ!»

ዮናስ መጥቶ አየና «ፎቶዎቹን አሳንሻቸው» አለኝ። «ለመታወቂያ መቶ ሃያ በመቶ ስልሳ ነጥብ ይበቃል።» ፎቶ ማለት የነጥብ ጥርቅም እንደሆነ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። አንድ ፎልደር ሙሉ ፎቶ በአንድ ጊዜ የምታሳንስ ትንሽ ፕሮግራም ሰጠኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «መጀመሪያ ቅጂ አስቀሪ» አለ። ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብል ማን ይመሰክርብኛል? ግን ሰምቼዋለሁ። ቅጂ ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ሰልፉ በሩን ሊሰብረው ነው፣ አቶ በላቸው ደግሞ ደጋግመው ብቅ ይላሉ። ተጫንኩት። ፕሮግራሟ ትንሹን ፎቶ በትልቁ ላይ ደርባ ጻፈችው፣ አንድ በአንድ፣ ሺህ ጊዜ። ትንንሾቹ ዳታቤዙ ውስጥ በትልልቆቹ ቦታ ሲገቡ ዳታቤዙ እንደ ላባ ቀለለ። ምዝገባው ተጠናቀቀ። አቶ በላቸው እንኳ ያን ቀን ዝም አሉ፤ የእሳቸው ምስጋና ዝምታ ነበር።

ከካሜራው ካርድ ላይስ? ካርዱ ሞልቶ ጋሽ ገመቹ ሲጠይቁኝ «ያጥፉት ጋሼ፣ ኮምፒውተር ላይ አለልን» ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው «እርግጠኛ ነሽ?» ብለውኝ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በአንድ ክረምት ጋሽ ደምሴ ሁለት ቀን ታመው በሦስተኛው ዐረፉ። ከቀብሩ ማግሥት ልጃቸው ወይንሸት ጥቁር ለብሳ ቢሮዬ መጣች። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ የአባቴ ፎቶ እናንተ ጋ አለ ብለውኝ ነው። ለሠልስቱ በትልቁ አሠርቼ ድንኳኑ ውስጥ ላስቀምጠው ነው። እኛ ቤት አንድም የለም። ቤት ያለነው ሁላችን ተነሥተናል፣ እሱ ብቻ የለም።»

«አለ የኔ ልጅ» አልኳት። በሙሉ ልብ ነው ያልኩት። ሳቃቸው ትዝ ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስማቸውን ጽፌ ፈለግኩ፤ ሳጥኗ ውስጥ ብቅ አሉ፣ እየሳቁ። ወይንሸት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ፎቶውን ለብቻው ከፍቼ ጎላ ሳደርገው ፊታቸው ተበታተነ። ሳቁ ሄደ፣ ሽብሽቡ ሄደ። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የመሰሉ ቡናማ አራት ማዕዘኖች ብቻ ቀሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ፎልደሩን ፈለግኩ። ሌላ ፎልደር ፈለግኩ። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ሲዲ ሁሉ አስገብቼ አየሁ። እጄ መፈለጉን ቀጠለ እንጂ ልቤ ካወቀው ቆይቷል። በመጨረሻ ወንበሬን ወደ እሷ አዞርኩ።

«ትልቁ ነበረ። እኔ ነኝ ያሳነስኩት።»

«አሳነሱት?»

«ቦታ እንዳይዝ ብዬ።»

ወይንሸት ወደ ስክሪኑ ዞረች። «አባቴ ምን ያህል ቦታ ይይዝ ነበር እትዬ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ያን ቀን ከሥራ ሰዓት በፊት ወጥቼ ጦር ኃይሎች ጋሽ ገመቹ ቤት ሄድኩ። አልቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በቀለለኝ። ፎቶውን በፍላሽ ይዤላቸው ስለነበር በልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አዩት።

«ስንት በስንት ቀረ?»

«መቶ ሃያ በመቶ ስልሳ።»

«ይሄ የጉርድ ፎቶ ልክ ነው። ከዚህ በላይ ከጎተትሽው ደምሴ መሆኑ ይቀራል። የሌለ ነጥብ ከየትም አይመጣም ራህመት።»

«ታዲያ ልጅቷን ምን ልበላት?»

መነጽራቸውን ወለወሉ። «በልኩ አሳትሚው። ከዚያ ትልቅ ፍሬም ግዢ። ግድግዳ የሚሞላ።»

«ለዚህች ጉርድ?»

«ለዚህች ጉርድ። ትንሽ ነገር ሰፊ ቦታ ከሰጠሽው አያፍርም።»

በማግሥቱ ፍሬሙን ይዤ ስመጣ ወፍራም ነጭ ካርቶን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ለፎቶው መስኮት ሊቆርጡለት ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ሁለቱ ካርቶን ተበላሸ፤ ልርዳዎት ብላቸው ክርናቸውን አስጠግተው ከለከሉኝ። በሦስተኛው ቀና። መስኮቱን ልክ መሃል ላይ አላደረጉትም፤ ጥቂት ወደ ላይ ከፍ አድርገው ቆረጡት። «መሃል ላይ ያለ ነገር ለዓይን የሚወድቅ ይመስላል» አሉኝ። ጋሽ ደምሴን ከኋላ አጣበቅናቸውና መስተዋቱን ገጠምን። ያ ሁሉ ነጭ፣ በመሃሉ አውራ ጣት የምታክል ሳቅ።

ወደ ሠልስቱ ስወስደው እየፈራሁ ነው የሄድኩት። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ከእድሩ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይተው «ምነው ፍሬሙ ባዶ ነው?» አሉ። ተጠጉ። ጎንበስ አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከሳቸው ኋላ ሌላው ተጠጋ፣ እሱም ጎንበስ አለ። ከሩቅ አይቶ ማለፍ የሚቻል ፎቶ ስላልነበረ የገባው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እስኪጠጋ፣ እስኪያጎነብስ ድረስ ሰልፍ ሆነ። አቶ በላቸውም ተራቸው ሲደርስ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘው ያን ሰፊ ሰውነታቸውን እንደምንም ዝቅ አደረጉ። ቆዩ። ሁለት ሰው ደግፎ ነው ቀና ያደረጋቸው።

«ይስቅ ነበር እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።» ድምፃቸው እንደዚያ ጠቦ ሰምቼው አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን ወይንሸት አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ለሰው ጎንበስ ሲል ኖረ» አለች። «ዛሬ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ አለለት።»

ሊቀልልኝ ነው ብዬ ሳስብ ደግሞ ጨመረችበት፦ «ትልቁ ቢኖር ግን ከአልጋዬ ሆኜ አየው ነበር።»

«አዎ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ከሥር ቀየርኩ። ትልቁ ፎቶ ሳይነካ በአንድ ፎልደር ይቀመጣል። ከእሱ ትንሽ ቅጂ ይሠራል። ዳታቤዙ ውስጥ ፎቶው ራሱ አይገባም፤ የሚጻፈው የፎቶው አድራሻ ብቻ ነው፤ ቅጹ ሲከፈት ፕሮግራሙ አድራሻውን ይዞ ሄዶ ትንሿን ቅጂ ያመጣል። ዮናስ ራሱ «አሁን ገባሽ» አለኝ፤ ከዮናስ ይህ ብዙ ነው። ሁለቱንም ዓይነት ፎቶ የያዘውን ትልቁን ፎልደር «ዋና» አልኩት፣ ዋነኛው ለማለት። በላቲን ፊደል ነው የጻፍኩት።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ፊት የሚባል ነገር የለም። ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ ሰፈር አለ፤ ሳጥኗ ግን በሁሉም ላይ ባዶ ናት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ፊቱን ይዞ ሄዷል። ዮናስን አስጠራሁት፤ እሱ ሲፈትሽ አቶ በላቸው ሻይ ይዘው ገቡ።

«ትናንት እኔ ነኝ ኮምፒውተሩን ያጸዳሁልሽ» አሉ በኩራት። «ስንት ቆሻሻ ተሸክሞ ነው!»

«ምን … ምን ዓይነት ቆሻሻ ጋሼ?»

«ዋና የሚል ፎልደር አገኘሁ። ትምህርት ቤታችን የዋና ገንዳ የለውም። ስፖርት ክፍሉ ያመጣው ነው ብዬ አጠፋሁት።»

ዮናስ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እየሳቀ ነው። የጠፋው ሁሉ ግን ገና የኮምፒውተሩ ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ አቶ በላቸው ቅርጫቱን መድፋት አያውቁም ነበር፣ ምስጋና ለአላህ። መልሰን አወጣነው። ፎልደሩ ወደ ቦታው በተመለሰ ቅጽበት ፊቶቹ በየሳጥናቸው ብቅ ብቅ አሉ። አቶ በላቸው የራሳቸውን ከፍተው አዩና «እኔ ከስቼ ነበር እኮ» ብለው ወጡ። የፎልደሩን ስም ያንኑ ቀን «አትንኩ» ብዬ ቀየርኩት። በአማርኛ ፊደል።

ዓመታት አለፉ። አቶ በላቸው ለቀቁ፣ ዮናስ ሌላ ቦታ ሄደ። ጋሽ ገመቹ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ አቆሙ፤ አልፎ አልፎ ስጠይቃቸው ስለ ፎቶ ሳይሆን ስለ ጉልበታቸው ነው የሚያወሩኝ። ትምህርት ቤቱም በኢንተርኔት የሚሠራ አዲስ ሲስተም ገዛ። ወላጅ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ያነሳውን ይልካል። የኔን ወንበር የተረከበችው ሰላማዊት ጎበዝ ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ሽማግሌ ታከብራለች። አንድ ወር አብረን ሠርተን የያዝኩትን ሁሉ አስረከብኳት።

የመጨረሻዬ ቀን ከሰዓት በኋላ የኔን ማህደር ልትዘጋ ሞክራ ቀና አለች።

«እትዬ ራህመት፣ ሲስተሙ እምቢ አለ። ፎቶ የለዎትም።»

ተጠግቼ አየሁ። ስሜ አለ፣ የተቀጠርኩበት አለ። የፎቶው ቦታ ላይ ፊት የሌለው ግራጫ ጭንቅላት ተቀምጧል። ሰዉን ሁሉ ሳስነሳ ራሴ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር ማለት ነው። ያለ ፎቶ ደግሞ ጡረታ መውጣት አይቻልም። ሰላማዊት ስልኳን አወጣች። ሻሼን አስተካከልኩ፣ እንደገና አስተካከልኩ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አነሳችኝና ላከችው። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ፎቶው ከሚፈቀደው መጠን በላይ ነው ይላል።

«ራቅ ብዬ ላንሳዎት?» አለች።

ሳቄ መጣ። «በመራቅ አይቀልም የኔ ልጅ። ተነሺ፣ ወንበሩን ልቀቂልኝ።»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቅጂ አስቀረሁ። ከግድግዳው ቆረጥኩ፣ ከአናቴ በላይ ሁለት ጣት ተውኩ። ስፋቱን ቀነስኩ፤ ቁመቱ ሳይነገረው ተከተለ። ባነስኩ ቁጥር መጀመሪያ የግንባሬ መስመር ጠፋ፣ ቀጥሎ ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላ፣ ቀጥሎ ሽበቴ። አሥር ዓመት ወጣት ሆኜ አረፍኩ። ላክሁት።

ክቧ ምልክት ትንሽ ዞረችና ቆመች። አረንጓዴ ሆኖ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ዕድሜ ልኬን ከአንድም አለቃ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ከኮምፒውተር ሰምቼ፣ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አየር ጤናው ታክሲ ወጣሁ።